ጥሪው ሁልጊዜ በግማሽ ደቂቃ ይቆረጣል፤ የአንድ የስብሰባ ስልክ ክር

ክሩ በአንድ የኢንተርኔት መወያያ መድረክ ላይ የተከፈተ የጥያቄና የምላሽ ሰንሰለት ነው፤ የመክፈቻው ጽሑፍ አጭርና ግልጽ ነበር። ጠያቂዋ የመሥሪያ ቤቷን የስብሰባ ክፍል ስልክ በውስጥ ኔትወርክ ላይ ለማገናኘት ሦስት ቀን ደክማ እንዳልተሳካላት ጻፈች። ስልኩ ጠረጴዛ መሀል የሚቀመጠው ባለ ሦስት ክንፍ ዓይነት ነው። ኃይሉን ከስዊቹ፣ ማለትም የኔትወርክ ኬብሎቹን ከሚያገናኘው ሳጥን፣ በኬብሉ በኩል ያገኛል፤ ጥሪውን የሚያስተናግደው ሰርቨር ላይ የተጫነ አስቴሪስክ የተባለ የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ነው። የጠረጴዛ ስልኮቹ በ192.168.10 በሚጀምሩ የኔትወርክ አድራሻዎች ሥር ለዓመታት ያለ እንከን ሠርተዋል። አዲሱን ግን ለድምፅ ብቻ ብላ በከፈተችው ቪላን፣ ማለትም ከሌላው በተለየ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ፣ በ192.168.50 ሥር አስገባችው። ስልኩ ይመዘገባል፣ ይደውላል፣ ወደ ስብሰባው ቁጥርም ይገባል። ክፍሉ ውስጥ ያሉት የሌሎቹን ድምፅ ጥርት አድርገው ይሰማሉ፤ እነሱን ግን ማንም አይሰማቸውም። ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ ደግሞ ጥሪው በራሱ ይዘጋል። የተበላሸው ስልኩ ነው ወይስ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ስትል ጠየቀች።

ይህን ክር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከታትዬዋለሁ፤ በመሀሉም አንድ ምላሽ ጽፌያለሁ። የምተርከው መላሾቹ መገመታቸውን ትተው መለካት የጀመሩበትን ቦታ ማሳየት ስለምፈልግ ነው። እስከዚያ ድረስ የጠፋው ጊዜ ያንገበግበኛል።

አጀማመሩ ጨዋ ነበር። 1ኛው መላሽ ሰላምታ አስቀድሞ የኃይሉን ነገር አነሳ። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው 802.3ኤኤፍ በተባለው ኃይልን በኔትወርክ ኬብል የመላኪያ ደረጃ መሠረት ስዊች ከአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት ቢሰጥም፣ ኬብሉ ላይ የሚባክነው ታስቦ ለመሣሪያው የሚተማመኑበት 12.95 ዋት ብቻ መሆኑን አስረዳ። ተጨማሪ ማይክሮፎን የተሰካበት የስብሰባ ስልክ ብዙ ስለሚስብ፣ ስዊቹ ለፖርቶቹ ሁሉ የሚያካፍለው ጠቅላላ ዋት ይበቃ እንደሆነ እንድታይ መከራት። 2ኛው ተስማምቶ አንድ ነገር ጨመረ፤ ደረጃውን የጠበቀ ስዊች ኃይል ከመልቀቁ በፊት በወዲያኛው ጫፍ ወደ 25 ኪሎ ኦም የሚጠጋ ሬዚስታንስ መኖሩን ይፈትሻል፣ ያለ ፍተሻ ቮልት የሚለቁ ርካሽ ማስገቢያዎች ግን መሣሪያ ስለሚያቃጥሉ እንዳትጠቀም አስጠነቀቃት። ጠያቂዋ በ3 ቁጥር ሁለቱንም አመስግና ስልኩ በጥሪ መሀል እንደማይጠፋና እንደማይነሳ፣ ስክሪኑም እንደማይደበዝዝ ገለጸች። የኃይሉ ጉዳይ እዚያ ላይ ተዘጋ።

4ኛው የድምፅ ማጥፊያው ቁልፍ ተጭኖ እንዳይሆን ጠየቀ፤ አልነበረም። 5ኛው ግን ቁም ነገር ይዞ መጣ። አስቴሪስክ ሴቲንጉ ካልተለወጠ በቀር ለድምፅ ከ10000 እስከ 20000 ያሉትን የዩዲፒ ፖርቶች፣ ማለትም በቁጥር የተለዩ የመረጃ በሮች፣ ይጠቀማል፤ ሲፕ በተባለው የጥሪ ማስተናገጃ ደንብ የሚላከው ጥሪ አስጀማሪ መልእክት ደግሞ በ5060 ያልፋል። በሁለቱ ቪላኖች መካከል ያለው ፋየርዎል 5060ን ፈቅዶ የድምፁን ፖርቶች ከከለከለ ስልኩ ይደውላል፣ ድምፅ ግን አያልፍም። እኔም ሳነበው ተገኘ ብዬ ነበር። እሷ በ6 ቁጥር በሁለቱ ቪላኖች መካከል ያለውን ክልከላ በሙሉ ለጊዜው አንስታ እንደሞከረችና ምንም እንዳልተለወጠ መለሰች። 7ኛው በራውተሮች ላይ ሲፕ ኤኤልጂ የሚባለው አገልግሎት የጥሪ መልእክቶችን ልርዳ ብሎ አድራሻቸውን እንደሚያበላሽ አስታውሶ እንድታጠፋው መከረ። አጠፋችው። አሁንም ያው ነው።

8ኛው ምላሽ የኔ ነው። ኬብሉን እንድትቀይርና የስዊቹን ፖርት እንድታይ ጻፍኩ። አንደኛው ጫፍ 100 ሜጋቢት ሙሉ ዱፕሌክስ (በአንድ ጊዜ መላክም መቀበልም) ተብሎ በእጅ ተቆልፎ ሌላኛው ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ፣ ራሱ የሚመርጠው ወደ ግማሽ ዱፕሌክስ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ፓኬቶች፣ ማለትም መረጃው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች፣ ይጋጫሉ፣ ድምፁም ይቆራረጣል። የጻፍኩት እውነት ነው፣ ለጥያቄዋ ግን አይሆንም። የሷ ችግር ድምፅ መቆራረጥ አልነበረም፤ በአንድ በኩል ጨርሶ ዝምታ ነበር። ምልክቱን ደግሜ አንብቤ ቢሆን ኖሮ ያን ምላሽ ባልላክሁም።

9ኛው የክሩን መንፈስ ለወጠው። ጸሐፊው የኔትወርክ ሀሁ ሳይቆጥሩ የድምፅ ሥራ ውስጥ የሚገቡ ሰዎች በዝተዋል ብሎ ጀመረ። ቪላን ለምን እንደሚያስፈልግ ሳይረዳ የሚከፍት ሰው የእጁን ነው የሚያገኘው፣ ወንድሜ ሁሉንም ወደ ነበረበት መልሰህ ተገላገል የሚል ቃና ነበረው። 10ኛው በእርጋታ ተናገረው። ምክሩ ግማሹ ልክ ነው፤ ስልኩን ወደ ድሮው ኔትወርክ መመለስ እንደ መፍትሔ ሳይሆን እንደ ሙከራ ይጠቅማል፤ የቀረው ስድብ ግን ለማንም አይፈይድም አለ። ቃላቱ የለሰለሱ ነበሩ፣ ወቀሳው ግን አልለሰለሰም።

11ኛው የጠያቂዋ ነው። ጻፍኩ፣ ሞከርኩ፣ አልሠራልኝም ሲባል ወንድ ይሁን ሴት ስለማይለይ ሁሉም ወንድሜ እያሉ ሲያነጋግሯት ቆይተዋል። እሷም እህት እንጂ ወንድም አለመሆኗን፣ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ሥራ እንደቆየች በሁለት መስመር አሳወቀች። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስልኩን ነቅላ በድሮው ቪላን ውስጥ ሰክታው ነበር። ድምፁ በሁለቱም በኩል ተሰማ፣ ጥሪውም ራሷ እስክትዘጋው አሥር ደቂቃ ቆየ። በክሩ ውስጥ የመጀመሪያው እውነተኛ ማስረጃ ይህ ነው። ስልኩ ደህና ነው፣ ማይክሮፎኑ ደህና ነው፣ ኬብሉም ያው ኬብል ነው፤ የተለወጠው የስልኩ አድራሻ ብቻ ነው። 12ኛው ይህንኑ አጉልቶ ጻፈ። በ13 ቁጥር የ9ኛው ጸሐፊ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይቅርታ ጠየቀ፤ አልዘበዘበም፣ እሷም አላስረዘመችውም።

14ኛው መላሽ ሁለት ሥራ ሰጣት። አንደኛው የማሚቶ ሙከራ ነው፤ አስቴሪስክ የደዋዩን ድምፅ መልሶ ለራሱ የሚያሰማ አገልግሎት ስላለው፣ ለሱ አንድ የውስጥ ቁጥር ሰጥታ ከስብሰባ ስልኩ እንድትደውልና ከአንድ እስከ ሃያ ጮክ ብላ እንድትቆጥር ነገራት። ሲቆጠር የጎደለው ቁጥር ወዲያው ይታወቃል፤ ሃሎ ሃሎ እያሉ መሞከር ግን ምን እንደጠፋ አያሳይም። ሁለተኛው ደግሞ ጥሪው የሚዘጋበትን ጊዜ በሰዓት እንድትለካ ነበር፤ ግማሽ ደቂቃ ያህል የሚለውን አልተቀበላትም።

በ15 ቁጥር ውጤቱን ይዛ መጣች። ከማሚቶው በፊት የሚነበበው ማስታወቂያ ጥርት ብሎ ተሰማት፤ የራሷ ቆጠራ ግን አልተመለሰም። አምስት ጊዜ ደወለች፣ አምስቱም ጊዜ ጥሪው ከተነሳ በ32ኛው ሰከንድ ተዘጋ።

16ኛው ለኔ የክሩ እምብርት ነው። ጸሐፊው 32 እንዲሁ የመጣ ቁጥር አለመሆኑን ቁጭ አድርጎ አስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የሲፕ መሠረታዊ ሰነድ፣ አርኤፍሲ 3261፣ ቲ1 የሚባል የጊዜ መለኪያ አለው፤ መነሻው 500 ሚሊ ሰከንድ ነው። ጥሪውን ያነሳው ወገን 200 ኦኬ የሚል መልእክት ይልካል፤ የደወለውም ደርሶኛል ለማለት አክ የተባለውን ይመልሳል። አክ ካልመጣ ያነሳው ወገን ያንኑ 200 ኦኬ ደጋግሞ ይልካል፤ መጀመሪያ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ፣ ቀጥሎ ከአንድ፣ ከሁለት፣ ከአራት፣ ከዚያም በየአራት ሰከንዱ። የቲ1 64 እጥፍ ሲሞላ ተስፋ ቆርጦ ጥሪውን ይዘጋል። ግማሽ ሰከንድ በ64 ሲባዛ 32 ሰከንድ ነው። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ አክ እየጠፋ ነው፤ የት እንደሚጠፋ ለማወቅ ፓኬቶቹን ዋየርሻርክ በተባለው የፓኬት መመልከቻ ፕሮግራም ይዞ ማየት ያስፈልጋል። እስከዚያ አንድም ሴቲንግ እንዳትነካ አጥብቆ ነገራት። ስንት ሰው ይህን ቁጥር በየቀኑ እያየ ስልክ እንደሚቀይር ሳስብ፣ ይህ አንድ ምላሽ በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል።

እሷ ሁለት ቀን ጠፋች፣ ክሩም ወደ ሌላ ወሬ አዘነበለ። በ17 ቁጥር አንዱ ስልኩ ለምን ሦስት ክንፍ እንዳለው ጠይቆ ራሱ መለሰ። ማይክሮፎኖቹን በየክንፉ ጫፍ አድርጎ ከመሀሉ ስፒከር ማራቅ ማሚቶን ለመቆጣጠር ይረዳል፤ መልኩም ፖሊኮም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጣው ሳውንድስቴሽን የታወቀ ነው። ከዚያ በፊት በብዛት የነበሩት ባለ ስፒከር ስልኮች አንዱ ሲናገር የሌላውን ድምፅ ይቆርጡ ስለነበር፣ ሁለት ሰው እኩል መነጋገር አይችልም ነበር። 18ኛው ከዚህ ተነስቶ ወደ ሰፊው ድምፅ፣ ወደ ጂ.722 ተሻገረ። ይህ ኮዴክ (ድምፅን ወደ ቁጥር የሚለውጥ ዘዴ) ድምፁን በሰከንድ 16000 ጊዜ ቢወስድም ድምፁን በሚያጓጉዘው አርቲፒ ውስጥ ግን 8000 ተብሎ ይጻፋል፤ በቀድሞው ሰነድ ላይ በስህተት ስለተጻፈና የተሠሩት መሣሪያዎች እንዳይጣሉ ሲባል እንዲሁ ስለቀረ ነው። ዋየርሻርክ ላይ 8000ን አይቶ ስልኩ ጠባቡን ድምፅ እየተጠቀመ ነው ብሎ የሚደመድም ሰው እንደሚሳሳት አስገነዘበ። ከጥያቄው የራቀ ቢሆንም እኔ ማስታወሻዬ ላይ አስፍሬዋለሁ።

19ኛው የጻፉት በድሮው ስልክ ሥራ ያረጁ ሰው መሆናቸውን አስቀድመው የነገሩን ናቸው። ልጆቼ ብለው ጀምረው፣ የድሮውን የአናሎግ ስብሰባ ስልክ በቀጥታ ስዊች ላይ ሊሰካ የሚሞክር ሰው አይተው እንደሚያውቁ ነገሩን። ጠባቡ የስልክ ሶኬት ሰፊው ቀዳዳ ውስጥ መግባቱ ሰውን ያታልላል። መስመሩ ሥራ ፈቶ ሲቀመጥ 48 ቮልት አካባቢ ይይዛል፤ ሲጠራ ደግሞ ወደ 90 ቮልት የሚጠጋ ተለዋዋጭ ኃይል ይላክበታል፤ ያ ከኔትወርክ መሣሪያ ጋር ከተገናኘ ፖርቱን ሊገድለው ይችላል። ለአናሎግ ስልክ የሚያስፈልገው ኤፍኤክስኤስ ወደብ ያለው ማገናኛ ነው። ኤፍኤክስኦ ከውጭ የሚመጣን መስመር የሚቀበል ስለሆነ የመደወያ ድምፅ አይሰጥም፤ ሁለቱን አምታቶ የሚገዛ ብዙ ነው አሉ። ሦስት ሰዎች አባታችን እያሉ አመሰገኗቸው።

20ኛው በዘመኑ ማንም የስብሰባ ስልክ አያስፈልገውም፣ ሁሉም በላፕቶፑ በኢንተርኔት ይገናኝ፣ ይህ ሁሉ ውይይት ጊዜ ማባከን ነው አለ። 21ኛው በቁጣ መለሰለት። ሰው ስለ ጫማው ሲጠይቅ እግርህን ቁረጥ እንደማለት ነው፤ ኢንተርኔቱ ሲቋረጥም በውስጥ ኔትወርክ የሚሠራ ስልክ መሥራቱን ይቀጥላል፤ መርዳት የማይፈልግ ክሩን አልፎ ይሂድ አለ። ቃሉ ሸካራ ቢሆንም ከሱ ጋር ነኝ።

በ22 ቁጥር ጠያቂዋ ተመለሰች። በሰርቨሩ ላይ የጥሪውን ፓኬቶች ይዛ ነበር። ሰርቨሩ ያንኑ 200 ኦኬ በ16ኛው መላሽ በተነገራት ልዩነት 11 ጊዜ ልኳል፤ ከስልኩ ግን አንድም አክ አልደረሰውም። 23ኛው ይህን አይቶ ቸኮለ። ስልኩ አክ አይልክም፣ ሶፍትዌሩ የተበላሸ ነው፣ ለሻጩ መልሺው ብሎ ፈረደ። 24ኛው ወዲያው ያዘው። ሰርቨሩ ላይ የተያዘ ፓኬት የሚያሳየው ሰርቨሩ ጋ የደረሰውን ብቻ ነው። ያልደረሰ ነገር አልተላከም ማለት አይደለም፤ ደግሞስ በ11 ቁጥር ስልኩ በድሮው ቪላን ውስጥ በትክክል ሠርቶ የለም? ስዊቹ ላይ የስልኩን ፖርት ወደ ሌላ ፖርት እንድታንጸባርቅና ከስልኩ አፍ የሚወጣውን እዚያ እንድትይዝ መከራት።

25ኛው ምላሽ ላይ ሁሉም ነገር ፍንትው አለ። ስልኩ አክ ይልካል፤ 200 ኦኬ በደረሰው ቁጥር ሳይታክት ይልካል። የሚልከው ግን ወደ ሰርቨሩ የውስጥ አድራሻ ሳይሆን መሥሪያ ቤቱ ከውጭ ጋር ወደሚገናኝበት የውጭ አድራሻ ነው። የድምፁ ፓኬቶችም ወደዚያው ይጎርፋሉ።

ምክንያቱን በ26 ቁጥር ያስረዳው ያው የ9ኛው ጸሐፊ ነው፤ በዚህ ጊዜ በትዕግሥትና በአክብሮት። ስልኩ ሲመዘገብም ሆነ ጥሪ ሲጀምር መልእክቱን የሚሰደው ሴቲንጉ ላይ ወደተጻፈለት የሰርቨር አድራሻ ነው፤ ስለዚህ እስከዚያ ሁሉም ነገር ጤነኛ ይመስላል። ሰርቨሩ ጥሪውን ሲያነሳ ግን ኮንታክት በሚባለው መስመር ላይ ከእንግዲህ የሚገኝበትን አድራሻ፣ ከሥሩ ደግሞ ድምፅ የሚቀበልበትን አድራሻ ይጽፋል። የ200 ኦኬ አክ የሚሄደው ኮንታክቱ ወዳመለከተው ነው። አንድ ጊዜ የውጭ መስመር ሲገናኝ ለሰርቨሩ የውጭ አድራሻው ተነግሮታል፤ ከሱ ጋር የውስጥ ኔትወርኮች ዝርዝር ተሰጥቶታል። በዝርዝሩ ውስጥ ያለው 192.168.10 ብቻ ነው። አዲሱን 192.168.50 ሰርቨሩ አያውቀውም፤ የማያውቀውን ሁሉ እንደ ውጭ ሰው ስለሚቆጥር የውጭ አድራሻውን ይሰጠዋል። በክፍሉ ውስጥ የሌሎቹ ድምፅ የሚሰማው ስልኩ የራሱን አድራሻ በትክክል ስለሚናገር ነው፤ የሚሳሳተው የሰርቨሩ ብቻ ነው። አንድ ስህተት ሁለት ምልክት ወለደ፤ ዝምታውንም መቆረጡንም።

በ27 ቁጥር ጠያቂዋ አዲሱን ኔትወርክ ዝርዝሩ ላይ ጨምራ ሴቲንጉን እንደገና እንዳስነበበችና ምንም እንዳልተለወጠ ስትጽፍ፣ ተስፋ መቁረጧ ከአጻጻፏ ይታወቅ ነበር። 28ኛው አጽናናት። በአዲሶቹ የአስቴሪስክ ስሪቶች ይህ ክፍል ለብቻው ካልተፈቀደ በቀር በማስነበብ አይለወጥም፤ አገልግሎቱን ጨርሶ ዘግቶ ማስነሳት ያስፈልጋል። ማንም በማይደውልበት ሰዓት አስነሳችው። በ29 ቁጥር ከአንድ እስከ ሃያ ቆጥራ ሃያውም እንደተመለሰላት፣ ቀጥሎም በ12 ሰው ስብሰባ 40 ደቂቃ ሙሉ እንደተነጋገሩበት ጻፈች።

ከዚህ በኋላ እንኳን ደስ ያለሽ የሚሉት በዙ። የ5ኛው ጸሐፊ በ30 ቁጥር ተመልሶ ለሙከራ ያነሳችውን የፋየርዎል ክልከላ እንዳትረሳው አሳሰበ፤ በእርግጥም ረስታው ነበር። 31ኛው አሥራ ሁለት ሰው ኔትወርኩን ያጨናንቀው እንደሆነ ሲጠይቅ 32ኛው አሰላለት። ጂ.711 በተባለው የተለመደ የስልክ ኮዴክ አንድ ስልክ በሰከንድ 50 ፓኬት ይልካል፣ በእያንዳንዱ ውስጥ 160 ባይት ድምፅና 40 ባይት የአድራሻ ሸክም አለ፤ ኤተርኔቱ የሚጨምረው ሲታከልበት በአንድ አቅጣጫ 87.2 ኪሎቢት በሰከንድ ይሆናል። የአሥራ ሁለቱ ድምር ከአንድ ሜጋቢት ጥቂት ቢበልጥ ነው። የሚደክመው ሰርቨሩ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ የቀነሰ የሁሉንም ቅልቅል ለየብቻ ያዘጋጃልና።

በ33 ቁጥር የ9ኛው ጸሐፊ የያዘቻቸውን ፓኬቶች ለሚያሠለጥናቸው ወጣቶች ማሳያ እንዲሆኑት ፋይሉን እንድታካፍለው ለመናት። ሌላው በ34 ቁጥር ፈጥኖ አስቆማት። ድምፁ ያልተመሰጠረ ስለሆነ ፋይሉን የከፈተ ሁሉ በዋየርሻርክ ንግግሩን ማዳመጥ ይችላል፤ የመግቢያ ቃሉን ለመስበር የሚያገለግል መረጃም አብሮ አለ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ሳያውቁ ድምፃቸው መውጣት የለበትም አለ።

የመጨረሻው፣ 35ኛው፣ የጠያቂዋ ነው። የመጀመሪያውን ፋይል አጥፍታዋለች። በሱ ፈንታ ባዶ ክፍል ውስጥ ብቻዋን ሆና፣ ለሙከራ በከፈተችውና ወዲያው በዘጋችው የውስጥ ቁጥር፣ አዲሱን ኔትወርክ ለጊዜው ከዝርዝሩ አውጥታ ጥሪውን እንደገና ይዛ አያያዘችው። በስልኩ በኩል የተያዘውን ሲከፍቱት ከአንድ ጀምራ ስትቆጥር ትሰማለች፤ ሃያ ስምንት ላይ ስትደርስ ጥሪው ይዘጋል።